ካየችኝ ቤት ነው

ከአዲስ አበባ ወረታ የሄድኩት የሁለት ሩዝ ነጋዴዎችን ሒሳብ ልይዝ ነው። ጊዜው በየስብሰባው «ልማታዊ» የሚለው ቃል ሳይነሳ የማይዋልበት፣ ኢንተርኔት ደግሞ ደስ ሲለው መጥቶ ደስ ሲለው የሚሄድበት ነበር። አንደኛው ሸሪክ በጎንደር መንገድ ላይ የሩዝ መፈልፈያ ያላቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ሁለተኛዋ የታናሽ ወንድማቸው ሚስት፣ በደብረ ታቦር መውጫ መጋዘን ያላቸው እትዬ ናቸው። እትዬ ከቁሐር ሚካኤል ገበሬዎች ሩዝ ይገዛሉ፣ ጋሼ ይፈለፍላሉ፣ እኔ እመዘግባለሁ። ስቀጠር የተነገረኝ ይህ ነበር። ስደርስ ሁለቱ ተኳርፈው ቆዩኝ።

የኩርፊያው ምክንያት ወንዛዬ ፍል ውሃ ነው። ዘመድ አዝማድ ሰብስበው እዚያ ወርደው ነበር። ጋሼ ታጥበው ሲጨርሱ ሰው ሁሉ መኪና ውስጥ የገባ መስሏቸው አስነስተው ሄዱ። እትዬ ገና ከውሃው መውጣታቸው ነው፤ ፎጣቸው እንኳን መኪናው ውስጥ ነበር። ፀጉራቸው እየተንጠባጠበ መንገድ ዳር ቆመው ቆመው፣ በመጨረሻ ሽንኩርት በጫነ አይሱዙ ወረታ ገቡ፤ ያውም በገበያ ቀን፣ አገር ሁሉ እያየ። ጋሼ ይቅርታ በመጠየቅ ፈንታ «ነግሬያታለሁ፣ አልሰማ ብላ ነው» አሉ። ሽማግሌ ተላከ፣ አልሆነም። የእትዬ ባል በዕለቱ አልነበሩም፤ ከዚያ በኋላማ ከሚስታቸውና ከወንድማቸው መምረጥ ስላልፈለጉ ሥራ በዛብኝ ብለው ደብረ ታቦር ሰነበቱ። ብልህ ሰው ናቸው።

በዚህ መሀል አንድ የአዲስ አበባ ገዢ የዓመቱን ሩዝ በሙሉ እወስዳለሁ አለ። የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሁለቱም ሸሪኮች የተስማሙበትን የውል ረቂቅ እስከ ዓርብ ማየት። አለዚያ ከሌላ ይገዛል፤ መፈልፈያ እንደሁ ወረታን ሞልቶታል። ክረምቱ እየመጣ ነው፣ የመጋዘኑ ጓሮ ደግሞ በየዓመቱ ኩሬ ይሆናል። ውሉ ካመለጠ ሽርክናው እንደሚፈርስ ሁለቱም ለየብቻ ነግረውኛል። ሽርክናው ከፈረሰ እኔም ሻንጣዬን መያዜ ነው።

መላ ያገኘሁ መሰለኝ። ሰው ሁሉ ከያለበት ሆኖ አንድ ሰነድ ላይ የሚሠራበት የኢንተርኔት የቢሮ አገልግሎት አለ፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው እዚያው ያየዋል። ፊት ለፊት መተያየት የለም። ሰነዱ ደመና ላይ ይቀመጣል የሚለውን ግን ሆን ብዬ ዘለልኩት። ሜዳው በየክረምቱ ለሚጥለቀለቅበት ለዚህ ለፎገራ ሰው፣ ያውም ክረምት ሊገባ ሲል፣ ንብረትህን ደመና ላይ አስቀምጬልሃለሁ ማለት ጥሩ አይመስለኝም።

ጋሼን ላፕቶፕ ፊት አስቀምጬ ሰነዱን ከፈትኩላቸው። ከላይ ጥግ ላይ ያለችውን ቀይ ክብ በጣታቸው ጠቆሙ።

«ይቺ ምንድር ናት?»

«እትዬ ናቸው። መጋዘን ሆነው በስልካቸው እያነበቡ ነው።»

ወንበራቸውን ወደ ኋላ ሳቡ። «እሷ ካለችበት ቤት አልገባም ብያለሁ።»

«ጋሼ፣ ይኼ እኮ ቤት አይደለም። ወረቀት ነው ይበሉት።»

«መግባቴን ታያለች?»

«ስምዎን ያያሉ።»

«ካየችኝ ቤት ነው» ብለው ተነሡ።

በማግስቱ ፈረቃ አወጣሁ፤ ጋሼ ጠዋት፣ እትዬ ከሰዓት። ጋሼ ጠዋት ዋጋ ይጽፋሉ፣ እትዬ ከሰዓት ያጠፉታል፤ እትዬ ያስገቡትን ደግሞ ጋሼ በማግስቱ ያጠፉታል። ከዚያ ከጽሑፉ ጎን አስተያየት የሚሰፍርበትን ቦታ አሳየኋቸው። ምነው እጄን በቆረጠው። የተኳረፈ ሰው በሦስተኛ ሰው በኩል ነው የሚነጋገረው፤ ሦስተኛው ሰው እኔ ሆንኩ።

«ልጄ፣ ለሰውዬው ንገረው» ብለው ይጽፋሉ እትዬ። «ሩዙ የሚሰባበረው በእሱ መፈልፈያ እንጂ በእኔ መጋዘን አይደለም።»

«አንተ ልጅ፣ ለሴትዮዋ ንገራት» ይላሉ ጋሼ ከሥር። «እርጥብ ሩዝ እያመጡ መፈልፈያ ማማት ነውር ነው።»

ሁለቱም የተጻፈውን አንብበውታል፤ እኔ ግን ኃላፊነት ነው ብዬ የአንዱን ለሌላው እየደወልኩ አደርስ ነበር። ጋሼማ «አይቼዋለሁ» ይሉኝና ትንሽ ቆይተው «ምን አለች ግን?» ብለው ያስደግሙኛል። ሒሳብ ለመያዝ መጥቼ መልእክተኛ ሆኜ መቅረቴ በጣም ያናድደኝ ነበር።

ዓርብ ከሰዓት ገዢው ደወለ። ሰነዱን ራሱ ከፍቶ፣ ሁለቱም ሸሪኮች ባሉበት ዋጋውን መጨረስ ፈልጓል። ፈረቃዬ እዚያው ላይ አበቃ። ለጋሼ ደውዬ በስልካቸው እንዲገቡ ለመንኳቸው። «እናያለን» ብለው ዘጉብኝ። እኔ እትዬ ዘንድ ነበርኩ፤ መጋዘኑ ውስጥ ላፕቶፑን የሩዝ ጆንያ ላይ አስቀምጠን እሳቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ገዢው ገባና ሰላምታ ጻፈ፣ እትዬ መለሱለት። ዋጋው ላይ ሲደርስ «ሌላው ሸሪክ አልመጡም?» ብሎ ጠየቀ። እትዬ ወደ እኔ አዩ። እኔ ወደ ቆርቆሮው አየሁ።

ያኔ ከላይ ጥግ ላይ የጋሼ ክብ ብቅ አለች።

እትዬ ከበርጩማቸው ብድግ አሉ። ታላቅ ሲገባ ተነሥቶ «ኖር» ማለት አብሯቸው ያደገ ነው፤ ኩርፊያ አይከለክለውም፣ በእንግዳ ፊት ሲሆንማ ዝም ማለት ገመና ማውጣት ነው። እንደቆሙ ጎንበስ ብለው በሁለት ጣት ዋጋው መስመር ላይ ጻፉ፦ «ኖር።»

ኔትወርኩ የሄደ መስሎኝ ልነካካ ስል ፊደሎቹ አንድ በአንድ መውጣት ጀመሩ።

«በእግዜር። ተቀመጪ።»

እትዬ አልተቀመጡም። ጋሼ ያሉት ከተማው ሌላ ጫፍ ላይ ነው፤ መቆማቸውን ማየት አይችሉም። እንደሚቆሙ ግን ያውቃሉ። ሌላ መስመር ተጨመረ።

«ተቀመጪ እንጂ። ወንዛዬ ላይ ያቆምኩሽ ይበቃል።»

ገዢው መጻፍ የጀመረውን አጠፋ፤ የሰው ቤት ውስጥ መሆኑ የገባው ይመስለኛል። እትዬ ቀስ ብለው ተቀመጡና በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ እንደለመዱት ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ ለሰውዬው ንገረው...» ብለው ጀመሩ። አልጨረሱትም። ላፕቶፑን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው ራሳቸው ጻፉ፦

«ጋሼ፣ ዋጋው እርስዎ እንዳሉት ይሁን። ፎጣዬን ግን ይላኩልኝ፣ መኪናዎ ውስጥ ነው ያለው።»