በቂም የተማርኩት ዲግሪ

ከጅጅጋ የወጣሁት አልቅሼ አይደለም፤ ተራግሜ ነው። በዋዜማው ምሽት እናቴ ሻንጣዬ ውስጥ በርበሬ ስትጠቀጥቅ፣ ጎረቤት ሁሉ «በሰላም ያግባሽ» ብሎ ሲሰናበተኝ፣ እኔ ሜትረን ዘሪሁንን እየረገምኩ ነበር። የነርሶች አለቃችንን ማለቴ ነው፤ ጋውኑ ሁሌ የተተኮሰ፣ ሲናገር ዓይኑን የሚጨፍን ሰውዬ።

«ተይ ልጄ፣ በመንገድ ዋዜማ ሰው አይረገምም» አለችኝ እናቴ።

«ታዲያ መቼ ልርገመው?» ብላት ሳትወድ ሳቀች።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ዲፕሎማ ነርስ ነበርኩ። ሜትረን ዘሪሁን አንድ ቀን ሰብስቦን «ሀርሺን ወርዶ ያገለገለ ሲመለስ ለዲግሪ ይላካል» አለ። ሁሉም አንገቱን ደፋ፤ እኔ እጄን አወጣሁ። ሀርሺን ማለት ከሰው ግመል የሚበዛበት፣ ውሃ በቦቴ የሚጠበቅበት አገር ነው። እዚያ አዋልጄ፣ ከትቤ፣ ፊቴን ንፋስ በልቶት ስመለስ ዕድሉ ለሚስቱ እህት ተሰጥቷል! የጠዋት ስብሰባ ላይ ብጠይቀው፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ሲስተር ትርሲት፣ መርፌ ለመውጋት ዲግሪ ምን ያደርግልሻል?» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ዲግሪውን ይዤ አንድ ቀን የልቤን ካልነገርኩት ሰው አይደለሁም ብዬ ማልኩና ሥራዬን ለቅቄ ወደ ሐርጌሳ ተነሳሁ።

ቶጎ ውጫሌ ድንበር ላይ የኛው ተቆጣጣሪ ፓስፖርቴን ገለባበጠና ሥራዬን ጠየቀኝ።

«ነርስ ነኝ።»

«እስቲ ግፊቴን ለኪኛ።»

«መለኪያ አልያዝኩም።»

«መለኪያ ሳትይዢ ምን ዓይነት ነርስ ነሽ?»

«ፓስፖርቱን ካልሰጠኸኝ ግፊት የሚኖረኝ እኔ ነኝ» አልኩት። ማኅተሙን መታልኝ። አገሬ የሸኘችኝ እንዲህ ነው።

ሐርጌሳ ገብቼ በአንድ የግል ክሊኒክ ተቀጠርኩ። እናንተዬ፣ ቅርብ ስደት እንዴት ክፉ ነው! ሩቅ የሄደ ሩቅ ነኝ ብሎ ይጽናናል። እኔ ግን ንፋሱ የኛው፣ ፍየሉ የኛው፣ ሩዝ በሙዝ የኛው፣ ቋንቋውን እንደሆነ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። እንጀራ ሲያምረኝ ላሆህ እበላለሁ፤ ዓይኑ ዓይኑን ይመስላል፣ ስትቀምሱት ግን ይጣፍጣል። ይጣፍጣል ስላችሁ እያማረርኩ ነው፤ እንጀራ ምን ሲደረግ ይጣፍጣል? እሁድ ደግሞ የሥራ ቀን ነው። ደወል የለ፣ ነጠላ የለ፣ ሻሼን አስሬ ታማሚ ማገላበጥ ነው።

አከራዬ ኤዶ ሆዳን ትባላለች። ኤዶ አክስት እንደማለት ነው። ቤቱን ስታከራየኝ «እንግዳ ታበዣለሽ?» አለችኝ።

«ማንንም አላውቅም።»

«ታዲያ እኔ ከማን ጋር ላወራ ነው?» ብላ ተቆጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳታንኳኳ ትገባለች።

ለሚሠሩ ነርሶች ብሎ ዲፕሎማን በኦንላይን ወደ ዲግሪ የሚያሳድግ የውጭ ዩኒቨርሲቲ መኖሩን የነገረችኝ የክሊኒኩ ባልደረባዬ ናት። በዚያው ሳምንት ተመዘገብኩ። ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ላፕቶፑን እከፍታለሁ። እንቅልፍ ሲያዳፋኝ፣ የሠራተኞች በዓል ላይ በቡድን የተነሳነውን ፎቶ አወጣና የዘሪሁንን ፊት አጉልቼ አየዋለሁ። ቡና አያስፈልገኝም ነበር። አንዳንዱ ለእውቀት ይማራል፣ አንዳንዱ ለእድገት፤ እኔ እሱን እርር ድብን ለማድረግ ተማርኩ። ውጤቴም እንደ ቂሜ ከፍተኛ ነበር።

በመጨረሻው ፈተና ጉድ ሆንኩ። ፈተናው በካሜራ እየታየ ነው የሚሰጠው፤ ከወንበር መነሳት፣ ማውራት፣ ዞር ማለት ክልክል ነው። ለኤዶ ሆዳን «ዛሬ እንዳትገቢ» ብያታለሁ። እሷም እሺ ብላለች። ግማሽ ላይ ስደርስ «ምግብ ማቀበል መግባት አይባልም» ብላ ላሆህ በሳህን ይዛ ከች! አሁን ይኼን የማይረዳኝ አበሻ አለ? ትልቅ ሰው ሲገባ እግሬ እኔን አያስፈቅድም። «ኖር!» ብዬ ብድግ! ስቀመጥ ፈተናው ተዘግቷል። «በማጭበርበር ተጠርጥረሻል» የሚል ቀይ ጽሑፍ ብቻ ቀርቷል። ወይ ነዶ! እያለቀስኩ የታየኝ ዩኒቨርሲቲው አልነበረም፤ ዓይኑን ጨፍኖ የሚስቀው ዘሪሁን ነው።

ከሳምንት በኋላ የዩኒቨርሲቲው ሰዎች በቪዲዮ ችሎት አቀረቡኝ። መነጽር ያደረገች ሴትዮ እንደ ፖሊስ ትመረምረኝ ጀመር።

«ለምን ተነሳሽ?»

«ትልቅ ሰው ገባ።»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«ከዚያማ ተነሳሁ።»

«የሰጠችሽ ነገር ውስጥ ምን ነበር?»

«ዘይትና ስኳር።»

«ተቀምጦ ሰላም ማለት አይቻልም?»

«እርስዎ ይችሉ ይሆናል። እኔን እናቴ ትገድለኛለች።»

አላመነችኝም። ውሳኔውን ልታነብ ወረቀቷን ስታነሳ በሩ ተበረገደና ኤዶ ሆዳን ሻይ ይዛ ገባች። እኔም ብድግ! እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በገዛ ችሎቴ ላይ ተነሳሁ። ካሜራው ለእነሱ ቀሚሴን ብቻ ነው ያሳያቸው። መነጽራሟ ሴትዮ እስክታለቅስ ሳቀች። ፈተናውን ድገሚ ተባልኩ። ደገምኩ፤ ኤዶ ሆዳንን ጎረቤት ቤት አስቆልፌባት። በከፍተኛ ማዕረግ አለፍኩ!

ዲግሪው እጄ በገባ ማግስት፣ በምሳ ሰዓት፣ ለሜትረን ዘሪሁን ደወልኩ። የምለውን ለወራት ተለማምጄዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ትርሲት ነኝ።»

«የትኛዋ ትርሲት?»

«መርፌ ለመውጋት ዲግሪ ምን ያደርግልሻል ያሏት ትርሲት። ያዝኩት! በማዕረግ!»

«እንኳን ደስ ያለሽ» አለኝ። ድምፁ ደክሟል። «የሚስቴ እህት ዲግሪዋን እንደያዘች ጥላን ጠፋች። ሰው የለንም፣ ዋርዱን ብቻዬን ነው የያዝኩት።»

«እሰይ! የእጅዎን ነው ያገኙት!» አልኩት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። «አንተ» ልለው ስንት ቀን ተለማምጄ ነበር፤ አፌ እምቢ ስላለኝ ስድቡን ሁሉ በ«እርስዎ» አወረድኩበት። «እርስዎ ሌባ ነዎት! እርስዎ አድሎኛ ነዎት! በእርስዎ ምክንያት ነው ከአገሬ የወጣሁት!» ትንፋሽ ልወስድ ስቆም ከኋላው ጅጅጋዬ መሰማት ጀመረች። የባጃጅ ጥሩምባ። ንፋሱ የሚያንኳኳው ቆርቆሮ። ኮሪደሩ ላይ አንዱ «ተራው የኔ ነው፣ ወላሂ!» ብሎ በግማሽ አማርኛ በግማሽ ሶማሊኛ ይጨቃጨቃል፤ አንዲት ሴት ሳቀች።

«ጨረስሽ? በሽተኛ እየጠበቀኝ ነው» አለኝ።

ጨርሻለሁ። የተለማመድኩት ሁሉ አልቋል።

«እንዳይዘጉት! ገና መች ጀመርኩ!» ብዬ ጮህኩበት፤ ሌላ ስድብ እስኪመጣልኝ ድረስ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ያዝኩት።