ዳገት የሚችል ብስክሌት

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል አንሶላ ስትተኩስ የኖረች ሴት ናት። ባልደረቦቿ «ካውያ» ይሏታል፤ ለሥራዋም ለአመሏም ይስማማል። በሃምሳ ሁለት ዓመቷ የዓመት ፈቃድ ቅጽ ሞልታ፣ ብስክሌት ገዝታ እስከ ባሕሩ ድረስ ልትሄድ መነሳቷን ስትናገር ታላቅ ወንድሟ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

«አራት ቀን ሙሉ? አንቺ? ደረጃ ስትወጪ እንኳ ጉልበትሽ ይንቋቋል!»

«ጉልበቱ የኔ ነው ጋሼ፣ ይንቋቋ።»

«ሰው ምን ይላል?»

«ያሻውን ይበል። እኔ መንገድ ላይ ስለምሆን አልሰማውም።»

ቅዳሜ ጠዋት ብስክሌት መሸጫው ገባች። ሻጩ ገና ከበሩ አንዲት ቅርጫት ያላት ሮዝ ብስክሌት እየገፋ መጣ።

«እማማ፣ የእርስዎ ይቺ ናት። ለገበያ ትመችዎታለች።»

«እኔ ባሕር ነው የምሄደው። ደግሞ እማማ አትበለኝ።»

ሻጩ ደንገጥ ብሎ ከፊት ጎማዋ በላይ ስፕሪንግ ያላት፣ የምታብረቀርቅ ሌላ አወረደ። ዋጋዋ የሦስት ወር ደመወዟን ይውጣል። ካውያ መሪውን ይዛ ተጫነችው፤ ብስክሌቷ አጎነበሰች። የሆስፒታሉ ማጠቢያ ማሽኖች መካኒክ፣ በወጣትነቱ አገር በብስክሌት የዞረ ሰው፣ በምሳ ሰዓት ደጋግሞ ነግሯታል፦ ስፕሪንግ ዳገት ላይ ጉልበት ይበላል። ቀና ብላ የኋላውን አየች። ዕቃ መጫኛ የሚታሰርበት ቀዳዳ እንኳ የለም።

«ሻንጣዬን በጥርሴ ልያዘው?»

ከካርቶኖቹ ጀርባ አንድ አረንጓዴ የብረት ብስክሌት ተደግፎ ነበር። ካቴናው ዝጓል፤ ኮርቻው ተቀዷል። ጎማውን አነሳችና አሽከረከረችው፤ ሳይወላገድ ዞረ። ከፊት ዳገት የሚያቀል ትንሽዬ ማርሽ አለው፤ ከኋላም ጠንካራ ዕቃ መጫኛ።

«እሱማ አሮጌ ነው» አለ ሻጩ።

«እኔስ?»

ከጎረቤት ሱቅ ሃያ ኪሎ ዱቄት ተውሳ ከኋላ አሰረችና ከሱቁ ጀርባ ያለውን ዳገት ተያያዘችው። ሻጩ ብስክሌቱን ይዛ የምትጠፋ መስሎት በእግሩ ተከተላት። መሀል ላይ ካቴናው ወለቀ፤ ወደቀች፤ መዳፏ ተላጠ።

«በቃ፣ ይተዉት!» አለ እያለከለከ።

«ማን ጠየቀህ?» ካቴናውን በእጇ መለሰችና እጇ እንደጠቆረ ጫፍ ድረስ ወጣች።

ስትወርድ ዋጋውን እሷ ቆረጠች፦ አዲስ ካቴናና አዲስ ኮርቻ ተጨምሮ፣ የሮዟን ዋጋ ግማሽ። ሻጩ ሊከራከር አፉን ከፈተና ዳገቱን ዞር ብሎ አይቶ ተወው።

ጉዞው አራት ቀን ሳይሆን ስድስት ቀን ፈጀ። በሁለተኛው ቀን አንድ ዳገት ላይ ከብስክሌቱ ወርዳ እየገፋች፣ ማንም ስለማያያት አለቀሰች። በስድስተኛው ቀን ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯን ውሃ ውስጥ ነክራ ወንድሟ ጋ ደውላ መድረሷን ነገረችው።

«እንግዲህ ያልሽው አልቀረም… ስትመለሺ በአውቶቡስ ነይ እሺ?» አላት።

«በመጣሁበት ነው የምመለሰው ጋሼ» አለችና ስልኩን ዘጋችው።