ለየሺሃረግ ጀርባ የተመረጠው ሾክ አብዞርበር

ዶላሞን መካኒክነት ያስተማረው ሰው የለም። የአሪ ገበሬ ልጅ ነው። ደርግ በወደቀበት ዓመት አንድ የጦር መኪና ከአባቱ የእንሰት ማሳ ዳር ተበላሽቶ ቀረ። ወታደሮቹ በእግራቸው ሄዱ፤ መኪናውን መጥቶ የጠየቀ አልነበረም። ዶላሞ ብሎን በብሎን ፈታው፤ መልሶም ገጠመው። መኪናው አልተነሳም፤ እሱም ከዚያ ወዲያ ወደ ማሳ አልተመለሰም። ጂንካ መጥቶ ከገበያው በታች በአራት ቋሚ ላይ ቆርቆሮ ከድኖ ሥራ ጀመረ።

የልጅ ልጄን የሺሃረግን ባገባ ጊዜ ስሙ እስከ ቱርሚ ድረስ የታወቀ ነበር። እናቷ በሕፃንነቷ ስለሞተች የሺሃረግን ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ሲያገባትም ሩቅ አልወሰዳትም፤ በኔው ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ሠርቶ ገባ። ስለዚህ የምጽፈው ያየሁትን ነው።

የኛ አገር መኪና ከአቅሙ በላይ ይጭናል። እህል ይጭናል፣ ፍየል ይጭናል፣ ከእህሉና ከፍየሉ በላይ ደግሞ ሰው ይጭናል። ስለዚህ ሾፌር ሁሉ ወደ ዶላሞ ሲመጣ "ደረቅ ሾክ አብዞርበር ግጠምልኝ" ነበር የሚለው። ሾክ አብዞርበር ከጎማው በላይ የሚታሰር፣ ዘይት ያለበት የብረት ቱቦ ነው፤ መኪናው ሲዘል ዝላዩን ይይዛል። ደረቅ ከሆነ ጭነት ይችላል፤ በላዩ የተቀመጠው ሰው ግን ይንገጫገጫል። ዶላሞም ደረቅ ደረቁን እየመረጠ ይገጥም ነበር። አንድም ሾፌር ተቆጥቶ ተመልሶበት አያውቅም።

በ1997 ዓ.ም. ሚያዝያ መጨረሻ ላይ የሺሃረግ ከአልዱባ ገበያ ስትመለስ ጉታ በሚባል ሾፌር የጭነት መኪና ላይ ነበረች፤ ከማሽላው ጆንያ አናት ላይ ተቀምጣ። መኪናው አንድ ጉድጓድ ላይ ሲዘል እሷንም አዘለላት። በጀርባዋ ድንጋይ ላይ ወደቀች። የዚያን መኪና ሾክ አብዞርበር ከሳምንት በፊት የገጠመው ዶላሞ ነው።

የጂንካ ሆስፒታል ሐኪም አጥብቆ መረመራት። የወገቧ አጥንት ተሰንጥቋል፤ በውስጡ የሚያልፈው ነርቭ ግን አልተቆረጠም አለን። የእግሯን ጣቶች ማንቀሳቀስ ስትችል ደስ አለው። "ግንቦት አራት ቀን የአጥንት ቀዶ ሐኪም አርባ ምንጭ ይመጣል። እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ድረስ አድርሷት፤ ካለፈ ስሟ አይያዝም። በመንገድ ላይ ግን አንድ ከባድ ምት ካገኛት እግሯ አይመለስም" አለ። በወረቀትም ጻፈልን። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ሸምግዬ ነው፤ የሐኪም ጽሕፈት ይከብደኛል። ያቺን ወረቀት ግን በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኳት፦ "በሰሌዳ ላይ ትተኛ። እንዳትንገጫገጭ።"

ዐሥር ቀን ነበረን። አውሮፕላኑ በበልጉ ዝናብ ሜዳው ረጥቦ ከወረደ ሰንብቷል። የከተማው መኪና ሁሉ፣ አምቡላንሱም ጭምር፣ ባሌስትራው፣ ከሥሩ የተነባበረው ብረት ማለት ነው፣ ድርቅ ያለ የገጠር መኪና ነው። ዶላሞ ሁሉንም በስም ያውቃቸዋል። እየቆጠረ አንድ በአንድ ጣላቸው።

በመጨረሻ ወደ ጋሽ ጎሳዬ ሄድን። ጋሽ ጎሳዬ ከደብረ ብርሃን ተመድበው የመጡ የሒሳብ መምህር ናቸው፤ ከኛ ሦስት ቤት አልፎ ይኖራሉ። ግቢያቸው ውስጥ አንዲት የድሮ የጃፓን የስፖርት መኪና ቆማ ነበር። ሁለት በር አላት፤ የኋላ ክዳኗ ወደ ላይ ይከፈታል፤ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም አይቀረው።

"እትዬ አበዛሽ፣ ይቺን ነው የምትፈልጉት?" አሉ እየሳቁ። "ጂንካ ከገባች ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የተንቀሳቀሰችው። አንዴ ወደ ግቢው፣ አንዴ ወደ ጥላው።"

ለማን እንደሆነ ስነግራቸው ሳቃቸውን አቆሙ። ቁልፉን አምጥተው ለዶላሞ ሰጡት።

ዶላሞ ከሥሯ ገብቶ አያት። "ባሌስትራ የላትም። በአራቱም እግሯ ሞላ ነው ያላት" አለ። ደስ አለው። ከዚያ ተነሥቶ የፊቷን ጫፍ በሁለት እጁ ተጭኖ ለቀቃት። መኪናዋ ስድስት ሰባት ጊዜ ተወዛወዘች። "ሾኮቹ ግን ሞተዋል።"

ጋሽ ጎሳዬ አዲስ አበባ ላለው ወንድማቸው ስልክ ደወሉ። ወንድማቸው መርካቶ፣ የመኪና ዕቃ በሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሲዞር ሰንብቶ ሁለት ዓይነት አገኘ። ሁለቱንም በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ በአውቶብስ ላከ። ከረጢቱ ጂንካ የደረሰው ግንቦት ሁለት ቀን ነው።

ዶላሞ ከረጢቱን ቆርቆሮው ሥር ፈታው። አንደኛውን ሾክ መሬት ላይ አቁሞ በመዳፉ ተጫነው፤ በዝግታ ሰመጠ፣ በዝግታ ወጣ። ሁለተኛውን በመዳፉ ሲጫነው ንቅንቅ አላለም፤ በደረቱ ተኝቶበት ነው የገባለት።

ጋሽ ጎሳዬ ለስላሳውን አነሡ። "የራሷ ይኸኛው ነው። ፋብሪካው ሲሠራት የሰጣት እንዲህ ዓይነቱን ነው።"

"ፋብሪካው ወደ አርባ ምንጭ የምንሄድበትን የወይጦን መንገድ አያውቅም፣ ጋሽ ጎሳዬ።"

"ታዲያ ያኛውን ግጠማ!"

ዶላሞ እጁን በጨርቅ ጠረገ። "ለስላሳው ትንንሹን ጉድጓድ ሁሉ ይበላዋል፤ ሰው አይሰማውም። ትልቅ ሲመጣበት ግን መውረጃ ያልቅበትና ብረት ከብረት ይጋጫል። ይቺ ደግሞ ዝቅ ያለች ናት፤ ቶሎ ነው የሚያልቅባት። ደረቁ ትንንሹን ሁሉ ያሳልፋል፤ ትልቁን ይይዛል።"

"እኮ! ራስህ መለስከው።"

"የጉታ መኪና ላይ የገጠምኩት ደረቁን ነው" አለ።

በማግስቱ ከሾፌሩ ጎን ያለውን የፊት ወንበሯን አወጣ፤ ከፊት እስከ ኋላ ሰሌዳ አጋድሞ ፍራሽ አነጠፈበት። መጀመሪያ ደረቁን ገጠመ። መሞከሪያ ያደረግነው አውሮፕላን ማረፊያውን ነው፤ ከተማው መካከል ያለ የሣር ሜዳ ነው። የሺሃረግ ሆስፒታል ስለተኛች በሷ ቦታ እኔ ተኛሁ።

"እማማ፣ እንደ እሷ ሁኚልኝ። የሚሰማሽን ሳትደብቂ ንገሪኝ" አለኝ።

ሜዳውን ዳር ዳሩን ወሰደኝ። ጀርባዬ እያንዳንዱን የሣር ጉብታ ቆጠረ፤ ወገቤ የቆየ ሕመም አለበትና ጥርሴን ነከስኩ። ከሰዓት በኋላ ለስላሳውን ገጥሞ በዚያው መንገድ መለሰኝ። እናቴ ያዘለችኝ መሰለኝ። እንዲያውም ዓይኔን ጨፈንኩ።

መኪናዋን አቁሞ ክዳኑን ከፈተ። "የቱ ይሻላል?"

"ይሄ ምን ያጠራጥራል፣ ልጄ? ይሄኛው ነው።"

"ወይጦ ላይስ?"

"ቀስ ብለህ ትነዳለህ።"

መኪናዋ አጠገብ ቁጭ ብሎ ረጅም ጊዜ ሣር ነጨ። እኔ ከፊቱ ላይ መልሱን እጠብቅ ነበር። ደረቁን ሾክ በዓይኑ ማየት እንደጠላ አየሁ፤ ያየሁትንም ወደድኩት። "እሺ" አለ። ደረቁን ከረጢት ውስጥ መለሰው።

ማታ የሺሃረግን ልናያት ገባን። "መረጥክልኝ?" አለችው።

"መረጥኩ።"

"ጉድ ነው! ሚስት ስትመርጥ አንድ ቀን አልፈጀብህም፤ ለመኪና ዐሥር ቀን ሙሉ ታስባለህ።"

"ሚስት የሚያቀብል ወንድም ሶማሌ ተራ ስላልነበረኝ ነዋ።"

ሳቀች፤ መሳቅ ስለሚያማት ደግሞ አፏን በእጇ ያዘች።

ግንቦት አራት ጎህ ሲቀድ ተነሣን። አራት ሰዎች ከነተኛችበት ሰሌዳ ከኋላ አስገቧት፤ ራሷ ዶላሞ አጠገብ፣ እግሯ ወደኔ። እኔ ከኋላ ጥግ ተኮራምቼ ሁለቱን እግሮቿን በጭኔ ላይ ያዝኩ። ዶላሞ የሚነዳው ሰው ከሚሮጠው ብዙም ሳይፈጥን ነበር። የቀይ አፈር ከተማ ልጆች ጎን ለጎን እየሮጡ ሳቁብን።

"ፍጠን እንጂ፣ ፍየሎቹ ቀደሙን!" ትለዋለች።

"ዝም በይ አንቺ፣ ዕቃ ነሽ ዛሬ።"

በየመንደሩ "ጣትሽን" እላታለሁ። አንዴ የቀኙን፣ አንዴ የግራውን ታወዛውዝልኛለች። በዚያ ሁሉ ጠጠርና ሽንሽን መንገድ ላይ "አያምም፤ እንደ አልጋ ነው" አለች። ዶላሞ ይህን ሲሰማ ትከሻው ወረደ፤ ከሚያዝያ ወዲህ እንደዚያ ሲሆን አላየሁትም። እኔም በምርጫዬ ኮራሁ።

ወይጦ ልንደርስ ስንል ደራሽ ውኃ መንገዱን ዘጋው። ቆመን ጠበቅን። ፀሐዩ የመኪናዋን ጣሪያ እንደ ምጣድ ሲያደርገው በነጠላዬ እያራገብኩላት ከሁለት ሰዓት በላይ ቆየን። ውኃው ጎደለና ተሻገርን፤ ወይጦን ስናልፍ ግን ቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። ዶላሞ ሰዓቱን አየ፤ መንገዱን አየ። መንገዱ ቀጥ ያለ ሜዳ ነው፤ ለጥ ያለ ይመስላል።

"በዚህ አካሄድ ዐሥራ አንድ ሰዓት አንደርስም" አለ።

ቀስ በል ማለት የነበረብኝ እኔ ነኝ። ስሟ ሳይያዝ ይቀራል ብዬ ፈራሁ። መኪናዋ ፍጥነት ጨመረች፤ እንደዚያም ሆና ከሥራችን እንደ ውኃ ትሄድ ነበር። ያታለለንም እሱ ነው።

ጎርፉ አንድ ቦታ መንገዱን አቋርጦ ቆርጦታል። ቦዩን ደለል ሞልቶት ከሩቅ ሲያዩት ደረቅ መሬት ነው። ዶላሞ ሲያየው ፍሬን ያዘ፤ አልደረሰም። የመኪናዋ ፊት ሰመጠ፤ የሾኩ መውረጃ አለቀና ብረት ከብረት ተጋጨ። ድምፁ በጥርሴ ገባ። ከዚያም የኋላው ተከተለ። የሺሃረግ ከሰሌዳው ተነሥታ ተመልሳ ወደቀች።

መኪናዋ ቆመች። አቧራው አለፈን።

"እማማ" አለች። "እግሬን ያዢልኝ።"

"ይዤዋለሁ፣ ልጄ።"

"አይ፣ ያዢልኝ እንጂ።"

ሁለቱም እግሮቿ እጄ ውስጥ ነበሩ። አጥብቄ ጨበጥኳቸው። "ጣትሽን" አልኳት። ጠበቅኩ። ዶላሞ መሪውን እንደያዘ ወደኋላ አልዞረም። "ጣትሽን፣ የሺ።" እሷም "አወዛወዝኩት እኮ" አለች።

አርባ ምንጭ ለዐሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ገባን። ስሟ ተያዘ። በማግስቱ አጥንቷን በብሎን አሰሩት፤ ሥራው ጥሩ ነው ተባለ። እግሯ ግን አልተመለሰም። ዶላሞ ቀዶ ሐኪሙን ተከትሎ ወጥቶ፣ ደረቅ ሾክ ቢሆን ኖሮ ይህ ይደርስ ነበር ወይ ብሎ ጠየቃቸው። ሐኪሙ ስለ መኪና አያውቁም። "እንዲህ ያለ ነገር በእርግጠኝነት አይነገርም" ብለው ትከሻውን ያዝ አደረጉትና ወደሚቀጥለው በሽተኛ ገቡ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲሚንቶ በጫነ መኪና ተመለስን፤ የጋሽ ጎሳዬ መኪና ተሰብራ አርባ ምንጭ ቀረች። ሾፌሩ ገና ከከተማው ሳንወጣ ቆሞ ወደ ላይ ጮኸ፦ "እህቴ፣ ይቅርታሽን፤ የኔ መኪና ደረቅ ነው። ቀስ ልበል?"

"ንዳው ወንድሜ" አለች። "ከወገቤ በታች የሚሰማኝ ነገር የለም።"

ዶላሞ ተነሥቶ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ፤ እስከ ኮንሶ ድረስ አልተቀመጠም።

ዓመት ካለፈ በኋላ አንድ ቀን እሱና እኔ ብቻ ስንሆን ያስጨነቀኝን ነገርኩት። "ለስላሳውን የመረጥኩት ለራሴ ወገብ ስለተመቸኝ ነው። ያሳሳትኩህ እኔ ነኝ።"

"አንቺ የተኛሽው ሣር ላይ ነው" አለ። "መንገዱን የማውቀው እኔ ነበርኩ። ሾኩን በመዳፌ ስጫነው ዐውቄዋለሁ። ደረቁን መግጠም እጄ እምቢ አለኝ እንጂ።"

ከዚያ ወዲህ በዚህ ነገር ተነጋግረን አናውቅም። አስፋልቱ ገብቷል፤ ያ ቦይ የት እንደነበር ዛሬ ማንም አያሳይም። ዶላሞ ሞተር ይሠራል፣ ፍሬን ይሠራል፤ ሾክ አብዞርበር ይዞ የሚመጣውን ግን ወደ ሌላ መካኒክ ይልከዋል። በየሦስት ሰዓቱ እጁን ታጥቦ ወደ ቤት ይገባል፤ እሱ ትከሻዋን፣ እኔ ዳሌዋን ይዘን እናገላብጣታለን። አንድ ቀን ከዘገየን ቆዳዋ ይቆስላል፤ ከቆሰለ ደግሞ ለወራት አይድንም።