ስድስት ድርብ የምትወጋ መኪና

ወርቅውሃ ከአርማጭሆ ቆላ ተነሥታ ሱዳን የገባችው በሰባ ሰባቱ ረኃብ፣ በኅዳር መጨረሻ ነበር። ባሏን ላቀውን አንገረብ ወንዝ ዳር ቀብራ፣ ጋቢውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ወድ ኤል ሒለው አጠገብ ከሰፈረው ስደተኛ መሀል ስትደርስ፣ የቀራት ነገር ቢኖር ያ ጋቢና መርፌ የለመደ እጇ ነበር።

ሱዳን ምድጃ ነው እያሉ ሲያወሩላት ነው የመጣችው። ቀኑስ እውነትም ምድጃ ነው። ታኅሣሥና ጥር ላይ ግን ፀሐይ ስትጠልቅ ከሰሜን የሚነሣው ነፋስ የሣር ጎጆውን እንደ ወንፊት እያለፈ አጥንት ይሰብራል። ረኃብ ያሳሳው ገላ ደግሞ ብርድ አይችልም። ከረኃቡ የተረፈው ሰው በብርድ ሲያልቅ፣ ወርቅውሃ ቁጭ ብላ ማየት አልሆነላትም። የላቀውን ጋቢ ተረተረች፤ ከእርዳታ እህል ጆንያ ጋር ደረበችው፤ ከዚህም ከዚያም ቡትቶ ለቃቅማ ድሪቶ ትደርት ጀመር።

ሥራዋ መልካም ነበር፤ ግን በእጅ ነው። ጆንያው መርፌ አላሳልፍ ይላል፤ ጣቷ ይደማል፤ አንዱ ድሪቶ ስምንት ቀን ይፈጃል። ከጎረቤቶቿ አንዷ፣ ሣህሊቱ፣ ኩፍኝ የያዘው የሁለት ዓመት ልጅ ነበራትና «እባክሽ ለእሱ አስቀድሚለት» አለቻት። ወርቅውሃ በዚያው ቀን ጀመረች። በስድስተኛው ቀን ልጁ ዐረፈ። ከሣህሊቱ አፍ አንድ ክፉ ቃል አልወጣም። መጥታ ያላለቀውን ድሪቶ ዳበስ አደረገችና «እንግዲህ ለሌላው ጨርሽው» ብላ ሄደች። ይህ ቃል ወርቅውሃን ከብርዱ ይልቅ አንቀጠቀጣት።

ሰዓዲያ የምትባል ሌላ ጎረቤት ይህን ሁሉ ታያለች። የመተማ ልጅ ናት፤ እስላም፤ ከልጅነቷ ከሱዳን ነጋዴ ጋር ስለዋለች ዐረብኛውን እንደ ውሃ ጠጥታዋለች።

«ስሚ እታለም፣» አለቻት፣ «ጣትሽን ጨረስሽው እኮ። ገዳሪፍ ሱቅ የስፌት መኪና አለ። ያንቺን ስምንት ቀን ወላሂ በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል።»

«ጆንያ ይወጋል?»

«እሱን እንጃ። ሄደን እንየው።»

«በባዶ እጃችን?»

«ክረምቱ ይግባ።»

ክረምቱ ገባ፤ ያን ዓመት ሰማዩ ታረቀ። ሁለቱ ሴቶች ከአንድ ትልቅ እርሻ ተቀጥረው ማሽላ አረሙ፤ ጥቅምት ላይ ሰሊጥ አጨዱ። ሰሊጥ ሰው አይጠብቅም፤ ቢዘገዩበት አፉን ከፍቶ መሬት ላይ ይፈስሳልና ጀርባቸው እስኪቆለመም ሠሩ። ኅዳር ሲብት፣ ብርዱ ሳይቀድማቸው፣ ደመወዛቸውን ሱዳኖች ቶብ በሚሉት በሰዓዲያ መጎናጸፊያ ጫፍ ቋጥረው በእህል ሎሪ ገዳሪፍ ደረሱ።

ወርቅውሃ በብብቷ ስር አንድ ነገር ይዛለች። ሁለት እጥፍ ጆንያ፣ ሁለት እጥፍ አሮጌ ብርድ ልብስ፣ ላይና ታቹ አቡጀዲ፤ ስድስት ድርብ ሆኖ የተጣጠፈ፣ መዳፍ የሚያህል ጨርቅ።

መጀመሪያ የገቡበት ሱቅ ባለቤት ሙዘይን የሚባል ረጋ ያለ ሱዳናዊ ነበር። አረንጓዴ ቀለም የተቀባች፣ ፊት የምታሳይ አዲስ መኪና አወጣላቸው። በስስ ጨርቅ ላይ ነዳት፤ እንደ ንብ እምም እያለች ሰፋች።

«ያ ሰላም!» አለች ሰዓዲያ፣ «ይቺ ናት! ዋጋዋም ይቀናናል።»

ወርቅውሃ ጨርቋን ዘረጋችለት። ሙዘይን አገላብጦ አየውና ስቆ አንድ ነገር አለ።

«ይሄን ለግመል ኮርቻ ሰፊ ውሰዱት ይላል፣» አለች ሰዓዲያ።

«ይሞክራት በይው።»

ሞከራት። ሦስት ጊዜ እንኳ ሳትወጋ መርፌዋ ጧ ብላ ተሰበረች። ሙዘይን አልተቆጣም፤ «ይህች ለቀሚስ ናት፣ አልዋሻችሁም» ብሎ በእግር የምትረገጠውን፣ ባለ ጠረጴዛዋን አሳያቸው። እያቃሰተችም ቢሆን ወጋች። ዋጋዋ ግን ከሁለቱ ደመወዝ በላይ ነው። ወርቅውሃ ደግሞ ጎንበስ ብላ የብረት እግሮቿን አየች።

«ይህች የተስተካከለ መሬት ትፈልጋለች፣» አለች። «የእኛ መሬት በበጋ እግር የሚውጥ ስንጥቅ ነው፤ በክረምት ማጥ ነው። የት እናቆማታለን?»

ሙዘይን ይህ ሲተረጎምለት አንገቱን ነቀነቀ። ከሱቁ ወጥቶም ከመንገዱ ማዶ ባለው የኒም ዛፍ ስር የተቀመጠውን ሰው በጣቱ ጠቆማቸው።

ሰውየው ያዕቁብ ነው፤ ከአስመራ የመጣ ሽበታም የስፌት መኪና ጠጋኝ። ከብረታ ብረቱ መሀል አንዲት ጥቁር መኪና ተቀምጣለች፤ የወርቅ አበባዋ ተልጧል፤ የእንጨት መቀመጫዋ ተሰንጥቆ በሽቦ ታስሯል፤ መዘውሯ በእጅ ይዞራል።

«ልብስ ሰፊ አይፈልጋትም፣» አለ ትግርኛ በሚጎትተው አማርኛው። «አንድ እጅ መዘውር ሲያዞር ጨርቅ የሚይዘው አንድ እጅ ብቻ ነው። የረከሰችው ለዚሁ ነው።»

«አንቱ ጋሼ፣ ስድስት ድርብ ትወጋለች?»

ያዕቁብ ጨርቁን ተቀበላት። እሱ አልሳቀም። በጣቶቹ አሸት አሸት አደረገው፤ ወፍራም መርፌ መርጦ ቀየረ፤ ዘይት ጠብ አደረገላትና «በይ አንቺው አዙሪያት» አለ።

ወርቅውሃ አዞረች። መጀመሪያ ከበዳት። ከዚያ መርፌው ያን የጣቷን ደም የጠጣ ጆንያ ቅቤ እንደሚወጋ አለፈው፤ ጭክ፣ ጭክ፣ ጭክ። ጨርቁን አውጥታ ገለበጠችው። ላዩ ላይ ያለው ስፌት ከሥርም እንደ ጉንዳን ሰልፍ ተደርድሯል።

«መርፌው እኮ ተሻግሮ አልወጣም፣» አለች። «ከሥር ያለውን ማን ሰፋው?»

ያዕቁብ ፈገግ አለ። ጨርቁን አነሣ፤ ከመርፌው ሥር ያለውን የብረት ክዳን ከፈተና «ቀስ ብለሽ አዙሪ» አላት። መርፌው ክሩን ይዞ ወረደ። ከሥር የወፍ አፍ የምትመስል ቀጭን ብረት ብቅ አለችና ክሩን ለቀም አደረገችው፤ እዚያው ሥር በትንሽ እንዝርት በተጠመጠመው ሌላ ክር ዙሪያ አዙራ ለቀቀችው። መርፌው ወደ ላይ ተመለሰ፤ ሁለቱ ክሮች ግን ተቃቅፈው ቀሩ።

ወርቅውሃ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ሰፍታለች። መርፌ ሙሉ በሙሉ ሳያልፍ ይሰፋል ብሎ የነገራት አልነበረም፤ በሕልሟም አላየችውም። አቧራው ላይ ተንበረከከች። አማተበች። «ይህን ያሰበውን ሰው፣» አለች፣ «የወለደች እናት ትባረክ።» ደግማ አዞረች፤ ሠለሰች። ልቧ አረንጓዴዋ ላይ የቀረው ሰዓዲያም አጠገቧ ተንበርክካ «ሱብሐነላህ» አለች፤ ዐይኗን ከዚያች የወፍ አፍ ላይ መንቀል አቃታት።

ቀድማ የተነሣችው ሰዓዲያ ናት። «እንግዲህ ልብስ ሰፊው ብቻውን ነው፤ እኛ ሁለት ነን። እኔ አዞራለሁ፤ አንቺ በሁለት እጅሽ ያዢ።»

«አርባ ዓመት መኪና ስጠግን ይህን ያለኝ ሰው የለም፣» አለ ያዕቁብ፤ የጠራላቸውም ዋጋ ለክርና ለሎሪ የሚሆን አስተረፈላቸው። ከመንገዱ ዳር የተቀመጡት ልብስ ሰፊዎችም የቶብ ቁርጥራጭ አንድ ጆንያ ሙሉ በነፃ ሰጧቸው፤ ቀዩን፣ ብርቱካኑን፣ ሰማያዊውን።

በማግስቱ ጠዋት ሰፈሩ ሁሉ ጎጇቸውን ከበበ። ሰዓዲያ አዞረች፤ ወርቅውሃ ያዘች። የሚሰማው የብረቱ ድምፅ ብቻ ነው። ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ወርቅውሃ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ሣህሊቱ ከሰዉ መሀል ወጥታ የድሪቶውን ጠርዝ ያዘች።

«አለቀ?»

«አለቀ።»

«ዛሬ ተጀምሮ ዛሬ?»

«አዎ፣ ዛሬ።»

ሣህሊቱ እዚያው ቁጭ ብላ፣ ዓመት ሙሉ ያላለቀሰችውን አለቀሰች። ድሪቶውን ለቀረችላት ሴት ልጇ ሰጧት።

ሁለቱ ሴቶች በዚያ ሰፈር ስድስት ዓመት ሰፉ፤ ኋላም ሰላም ሲሆን አብረው መተማ ገብተው ጎን ለጎን ኖሩ። ወርቅውሃ ስትተርክ ደጋግማ የምታነሣው ግን መኪናዋን በገዙበት ዓመት የጥር ወር አንድ ጠዋት ነው። የጤና ሠራተኞች ቅማል ገብቷልና መኝታችሁን ሁሉ ፀሐይ ላይ አውጡ ብለው አዘዙ። ወርቅውሃ ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ጉብታው ላይ ስትደርስ ዞር አለች። ያ አመድ የመሰለ ሰፈር፣ ከዳር እስከ ዳር፣ በየጎጆው ጣሪያ፣ በየገመዱ፣ በየቁጥቋጦው ላይ ቀይ፣ ብርቱካንና ሰማያዊ ለብሷል። ነፋሱ ሲመታው አንድ ላይ ያብጣል፤ አንድ ላይ ይረግባል፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚተነፍስ ይመስላል። ድሪቶዎቹን ልትቆጥር ጀመረችና ተወችው። እንስራዋን አስቀምጣ፣ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭና፣ ሰዓዲያ እስክትጣራ ድረስ እዚያው ቆማ ቀረች።