ዘሩን አስቀድሜ አነሳሁ

«እማ፣ በቃ ወደቅሽ!» አለችኝ ልጄ። ዛሬ ላሊበላ ላይ የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ አብረን ተፈትነን መውጣታችን ነው።

ጥያቄው፦ ገበሬው ከገብሱ ሲሶውን ሸጠ፤ ከቀሪው ሩቡን ለዘር አስቀመጠ፤ ስድስት ኩንታል ተረፈው። በፊት ስንት ነበረው?

እኔ ዘሩን አስቀድሜ አንስቼ አሥራ ሁለት አልኩ። ልጄ እንደ ጥያቄው ሽያጩን አስቀድማ ስለነበር፣ መልሴን ሳትጠይቅ መንገዴን ብቻ ሰምታ ነው «ወደቅሽ» ያለችኝ። ዘር ሳያስቀር የሚሸጥ ምን ዓይነት ገበሬ ነው?

ግን እውነት ብወድቅስ? ፊደል የለየሁት ከስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ ላይ ነው፤ እዚህ ለመድረስ ስንት ዓመት ፈጀብኝ።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ አሥራ ሁለት ጠጠር ደረደርን። በሷ መንገድ አራት፣ ከዚያ ሁለት ተነሳ፤ ስድስት ቀረ። በእኔ ሦስት፣ ከዚያም ሦስት ተነሳ፤ ስድስት ቀረ!

ዝምተኛዋ እኔ እልል አልኩ። ጥበቃው ደንግጦ ተነሳ።

ገበሬውን ባገኘው ግን እመክረዋለሁ።

እናንተስ፣ በለመዳችሁት መንገድ ሠርታችሁ ልክ የወጣላችሁ ፈተና አለ? ጻፉልኝ፤ ዛሬ ሳቅ አልጠገብኩም።