ለአዲሱ ቤት የተላኩ ሽሪምፖች

እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። ስትናደድ አትጮኽም፤ አቀርቅራ ትሰፋለች፤ ያን ቀን የሰፋችው ልብስ በምላጭም አይተረተርም። ባሏ ጥሏት የሄደው ከገዛ ደንበኛዋ ጋር ነው። የሴትዮዋን ወገብ በሜትር የለካችላት እሷው ናት። ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ሰውየው ሲወጣ አልጋውንም ወንበሩንም ትቶ የባሕር ውሃ የሞላውን የዓሣ መስታወት፣ አኳሪየሙን፣ ይዞ ሄደ። «መስታወቱን የገዛሁት እኔ ነኝ» አለ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። ቢገዛውስ! ጨውን በተጣራ ውሃ እየበጠበጠች፣ ሙቀቱን እየለካች፣ መስታወቱ ላይ የሚለጠፈውን አረንጓዴ ነገር እየፋቀች ያኖረችው ማን ሆነና ነው? በተለይ ባለ አምስት ክንዱን ሰማያዊ የባሕር ኮከብ ከኮት ቁልፍ ብዙም ሳይበልጥ አምጥታ፣ በወረንጦ እያጎረሰች መዳፍ አሳክላዋለች። የእሱ ሥራ እንግዳ ሲመጣ መብራት አብርቶ «ኮከቤን እዩልኝ» ማለት ብቻ ነበር።

አዲስ ቤት መግባቱን በሰማን ሰሞን እህቴ ይዛኝ ጌጠኛ ዓሣ ሻጩ ዘንድ ሄደች። ሻጩ ውሃ በሞላው ፕላስቲክ ሽሪምፕ የሚባሉ ሁለት የባሕር ፍጥረታት አደረገልን። ጣት አያክሉም፤ ነጭ ገላቸው ላይ ሐምራዊ ነጠብጣብ አለባቸው፤ ሲራመዱ የሚደንሱ ይመስላሉ።

«እነዚህ ከባሕር ኮከብ በቀር ምንም አይበሉም» አለ። «ኮከብ ካላችሁ እንዳትቀላቅሏቸው።»

«እኔ ኮከብ የለኝም» አለች እህቴ።

ነገሩ ሲገባኝ ሳቄ አመለጠኝ። ስጦታውን አዲሱ ቤት ያደረስኩት እኔ ነኝ። ሰውየው «እህትሽ ቂም አታውቅም» እያለ በገዛ እጁ ውሃው ውስጥ ለቀቃቸው።

ሽሪምፖቹ ኮከቡን ለሁለት ሆነው ገልብጠው ከክንዱ ጫፍ ጀመሩት። ደግሞ አይቸኩሉም። እሱ በሽታ መሰለውና ሲጨንቀው ለእህቴ ደወለ፦ «ሽሪምፖችሽ ቤቱን አደመቁት፤ ኮከቡ ግን እየመነመነ ነው። ካንቺ በቀር የሚያውቅለት የለም፤ ባክሽ ነይልኝ።»

አብረን ሄድን። ከኮከቡ አምስት ክንዶች የቀሩት ሁለት ብቻ ነበሩ። እህቴ ስታየው ፊቷ ተለዋወጠ፤ ምን ያህል እንደምትወደው እኔም ረስቼው ነበር። እጅጌዋን ሰብስባ ኮከቡን ከነውሃው በባልዲ አወጣችው።

«ሽሪምፖቹስ?» አለ ሰውየው። «የምሰጣቸውን አይነኩም። ምንድን ነው የሚበሉት?»

«እኔ ያሳደግኩትን» አለችው።

ሰውየው ክው አለ። በር ላይ የቆመችው አዲሷ ሚስቱ ወለል ወለሉን ታያለች። እኔማ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ኮከቡ ግን ቤታችን ሳይሰነብት ሞተ። እህቴ ባሏ ሲሄድ ያላለቀሰችውን ጭምር አለቀሰች። በዚያው ቀን ሰውየው ሲደውል ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነበርኩ፤ መሞቱን ነገርኩት። «ሻጩ ኮከብ ጨርሻለሁ አለኝ። ሽሪምፖቹ በረሃብ ሊያልቁብኝ ነው። በድኑን እንኳ ላኩልኝ» አለ።

እህቴ በረንዳ ላይ የአበባ ማሰሮ ውስጥ ልትቀብረው አፈር እየማሰች ነበር። ያለውን ነገርኳት። መማሷን አላቆመችም። ያን ሁሉ የሳቅኩት እኔ አጠገቧ ቁጭ አልኩ።

«እትዬ፣ እሱስ ይበለው» አልኳት። «ሽሪምፖቹ ግን ምን አጠፉ?»

ኮከቡን አስገብታ አፈሩን መለሰችበት፣ በመዳፏም ጠቅጠቅ አደረገችው።

«እኔስ ምን አጥፍቼ ነበር?»