ወይንሸት አልፈራችም

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር። ለባሌ አልነገርኩም፤ ለፓስተራችን አልነገርኩም፤ ስጸልይ እንኳ እግዚአብሔር ያውቀዋል እያልኩ ዘልዬው አልፍ ነበር። ባለፈው ወር ለአንድ ሰው ተናገርኩ። አፌ አንዴ ከተከፈተ ለእናንተም ልንገራችሁ። ስታነቡ ግን ለእኔ አትዘኑ፤ የሚታዘንልኝ ሰው አይደለሁም።

ከዛሬ አሥር ዓመት በፊት፣ ዘጠናዎቹ ሲገቡ፣ እኔና ወይንሸት ኦስሎ፣ ሃውገንስቱዋ የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ ቤት ተካፍለን እንኖር ነበር። ሁለታችንም በስደት የመጣን ነን። እሷ አባቷ የባሕር ኃይል ባልደረባ የነበረ፣ ምጽዋ ያደገች፣ የአንዲት ሕፃን እናት። እኔ ደግሞ ከአዲስ አበባ የመጣሁ፣ ከባልዲ የበለጠ ውሃ የማላውቅ። የቋንቋ አስተማሪያችን ባል አርኔ የባሕር ጠላቂዎች ክለብ ያስተባብር ነበርና እናንተም ሞክሩት ብሎ ጋበዘን። በበረዶው ወራት የአየር ሲሊንደር ተሸክመን ቶየን መዋኛ ገንዳ ውስጥ ተለማመድን። ወይንሸት ውሃ ውስጥ ስትገባ ቤቷ የገባች ነበር የምትመስለው። እኔን በቱቦ መተንፈስ ያስለመደችኝ እሷ ናት። መነጽሬ ውሃ ሞልቶ በደነገጥኩ ቁጥር እጄን ይዛ ታረጋጋኝ ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ።

ክለቡ በየዓመቱ ወደ እንግሊዝ የባሕር ዳርቻ ይሄዳል። እዚያ የሰጠሙ መርከቦች አሉ፤ ዓሣ የሚርመሰመስባቸው አለቶች አሉ። አርኔ ፎቶዎቹን ባሳየን ቀን እንቅልፍ አጣሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ በሕይወቴ ለደስታ ብዬ የሄድኩበት አገር አልነበረም፤ የማውቀው ጉዞ ሽሽት ብቻ ነው። ለመመረጥ ደግሞ አንድ ፈተና ቀርቶን ነበር። ፊዮርዱ ውስጥ፣ ከተማው ድረስ በሚገባው ጠባብ ባሕር ውስጥ፣ የሰጠመች አሮጌ የጭነት መርከብ አለች፤ እሷ ድረስ ጠልቆ፣ በእጅ ነክቶ መመለስ። ደንቡ ጥንድ ጥንድ ሆኖ መግባት ነው፤ አንዷ ካልገባች ሌላዋም አትገባም። የእኔ ጥንድ ወይንሸት ናት። የተሰጠን ቀንም የመጨረሻው የፈተና ቀን ነበር።

ያ ቀን ፍልሰታ ውስጥ ዋለ። እኔ ጴንጤ ነኝ፤ ጠዋት እንቁላሌን በልቼ ወጥቻለሁ። ወይንሸት ኦርቶዶክስ ናት፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ አትቀምስም። ጀልባው ላይ የመጥለቂያ ልብሳችንን እየለበስን ሳለ አርኔ በልታችኋል ወይ፣ ጠጥታችኋል ወይ እያለ እያንዳንዳችንን ጠየቀ። ወይንሸት ያኔ ቋንቋውን ገና ስላልለመደች የማስተረጉምላት እኔ ነኝ።

«አልበላሁም በይው» አለችኝ። «ጾም ላይ ነኝ፣ ችግር አለው ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ።»

ወደ አርኔ ዞርኩና «ያ» አልኩት፤ በእነሱ አፍ አዎ ማለት ነው። በልታለች፣ ጠጥታለች አልኩት። ወደ እሷ ዞሬ ደግሞ «ችግር የለውም ብሏል» አልኳት።

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። እሷን ቢከለክላት እኔም እቀራለሁ ብዬ ነው። ጾሙ እንዴት እንደሚያደክም አላወቅኩም ልበል? እናቴ በፍልሰታ ጉልበቷ ሲከዳት እያየሁ ነው ያደግኩት። አውቄያለሁ።

ወረድን። ውሃው አረንጓዴና ቀዝቃዛ ነበር። የመርከቧ ጎን እንደ ጥላ ከታች መታየት ሲጀምር ወይንሸት ክንዴን ያዘች። መዳፏን ዘርግታ ወዲያ ወዲህ አወዛወዘችልኝ፤ ደህና አይደለሁም ማለት ነው። ከዚያ በአውራ ጣቷ ወደ ላይ አሳየችኝ፤ እንውጣ ማለት ነው። ምልክቱን አብረን ነው የተማርነው፤ እንዴት አይገባኝ? ገብቶኛል። እኔ ግን ትንሽ ቆይ ብዬ በእጄ መለስኩላትና ክንዷን ይዤ ወደ ታች ጎተትኳት። ዝገቱን ነካሁ። የእሷንም እጅ ይዤ አስነካሁ። ቀና ብዬ ሳያት ዓይኖቿ ሊከደኑ ደርሰዋል። ያን ጊዜ ነው የደነገጥኩት። አቅፌ ቀስ እያልኩ አወጣኋት።

ጀልባው ላይ አስመለሳት፤ ተንቀጠቀጠች። አርኔ በብርድ ልብስ ጠቅልሏት ምን ሆነች አለኝ። እሷም ዓይኗን ሳትገልጥ «ባዶ ሆዴን ስለሆንኩ ነው፣ ንገሪው» አለች። ያንን ብነግረው የቅድሙ ውሸቴ ሊወጣ ነው። ስለዚህ «ፈርታ ነው» አልኩት።

አርኔ አዘነ። ባሕር ለሁሉም ሰው አይሆንም፣ እንግሊዝ ባትሄድ ይሻላል አለ። እኔ ለእሷ «ለጊዜው ዕረፊ ብሏል» ብዬ ተረጎምኩ። እኔን ግን ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ሕይወት አተረፍሽ አለኝ። ተቀበልኩ። በዚህ አልበቃኝም፤ በሚቀጥለው እሑድ ቸርች ውስጥ ቆሜ መሰከርኩ። ጌታ እንዴት ኃይል እንደሰጠኝ፣ ጓደኛዬን እንዴት ከባሕር እንዳወጣኋት ተናገርኩ። ሰዉ ሃሌሉያ አለ። እኔም አብሬ ሃሌሉያ አልኩ። ምን ዓይነት ሰው ነው እንዲህ የሚያደርገው?

እንግሊዝ ሄድኩ። ደስታው መረረኝ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ። አልመረረኝም። ትልቅ መርከብ አሸዋ ላይ ተጋድሞ ዓሦች በመስኮቶቹ ይወጣሉ፣ ይገባሉ። አለቱ አበባ በሚመስል ነጭና ብርቱካናማ የባሕር ፍጥረት ተሸፍኗል፤ ስትጠጋው ይጨማደዳል። አንዱ ሎብስተር፣ ባለ ትልልቅ መቆንጠጫው የባሕር እንስሳ፣ ከጉድጓዱ ብቅ ብሎ ገላመጠኝ። እንደዚያ ሳምንት ደስ ብሎኝ አያውቅም። ከወይንሸት የነጠቅኩት ሳምንት መሆኑን እያወቅኩ ነው ደስ ያለኝ።

በኋላ ወይንሸት ቋንቋውን ለመደች። አንድ ቀን ከክለቡ ሰዎች አንዷን መንገድ ላይ አገኘቻት፤ ሴትዮዋም ያኔ የፈራሽው አንቺ ነሽ አይደል አለቻት። ወይንሸት ቤት ገብታ «ፈርቼ ነበር እንዴ?» አለችኝ። እኔ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር። ቀና ሳልል «ትንሽ» አልኳት። አመነችኝ። ለምን አታምነኝ? ውሃው ውስጥ አጠገቧ የነበርኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ባሕር ስታወራ ሰምቼ አላውቅም። ምጽዋን ስታነሳ እንኳ ሙቀቱንና ገበያውን ብቻ ነው። እኔ አግብቼ ሊንደሩድ የሚባል ሌላ ሰፈር ገባሁ፤ ጓደኝነታችን ግን እንደነበረ ቀጠለ።

ባለፈው ወር ልጠይቃት ሄድኩ። ሕፃን የነበረችው ልጇ ሊያ አሁን ተማሪ ናት፤ ትምህርት ቤቷ ክፍሉን በሙሉ ዋና ሊያስተምር ነው። ወይንሸት ከልክላታለች፤ ልጅቷ ታለቅሳለች።

«ሁሉም ይሄዳሉ እኮ፣ ማማ።»

«ናይ ብያለሁ፣ ናይ» አለቻት፤ በእነሱ አፍ አይሆንም ማለት ነው። ሊያ ተናዳ ክፍሏ ስትገባ ወይንሸት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «የእኔ ፍርሃት በደሟ ቢኖርስ?» አለችኝ። «እኔን አንቺ አወጣሽኝ። እሷን ማን ያወጣታል?»

ከዚህ በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም። አዎ ያልኩበትን፣ እንውጣ ስትለኝ የጎተትኳትን፣ ፈርታ ነው ያልኩትን፣ ሁሉንም ነገርኳት። ስጨርስ «አልፈራሁም?» አለች።

«አልፈራሽም። ርቦሽ ነው፣ ጠምቶሽ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ድገሚው።»

ደገምኩት። ፊቷን በእጆቿ ሸፍና አለቀሰች። ይቅርታ ጠየቅኳት። «እሱን አላውቅም፤ አሁን ሂጂልኝ» አለችና በሩን ከፈተችልኝ።

ባቡር ውስጥ ተቀምጬ እንቅልፍ ወሰደኝና መውረጃዬን አለፍኩ። ለዓመታት እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም። እንዲህ መቅለሌ ያሳፍረኛል፤ ግን ቀልሎኛል፤ ምን ልዋሽ? በማግስቱ ለአርኔ ደውዬ ነገርኩት። ቸርች ግን ገና ነው፤ የፊታችን እሑድ እቆማለሁ።

በሳምንቱ ሊያ ደወለችልኝ። ማማ ዋና ቦታ ወሰደችኝ አለች። እናትሽስ ገባች ወይ አልኳት።

«ያ፣ ከእኔ በፊት ነው የገባችው። ሊዘጉ ነው፣ ውጪ ብላት እምቢ አለች።»

እኔን አልጠሩኝም። ልጠራም አይገባኝም። ወይንሸት ይቅር ካለችኝ በራሷ ጊዜ ነው፤ ካላለችኝም እውነት አላት። እኔ ግን ስልኩን ዘግቼ ደስ ብሎኝ አለቀስኩ።